«ዲም»፦ በሥራ ውል ውስጥ «እንደ … ይቆጠራል» የሚለው ቃል



በእንግሊዝኛ በተጻፉ የሥራ ውሎች ውስጥ «ሻል ቢ ዲምድ» የሚል ሐረግ በተደጋጋሚ ይገኛል። «ዲም» የተባለው ግስ በዕለት ተዕለት ንግግር እምብዛም አይሰማም፤ በውልና በሕግ ግን ክብደቱ ከፍተኛ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ትርጉሙ «መፍረድ» ነበር፤ ዛሬም ያንን ጠባዩን አልተወም። በሕግ አማርኛችን አቻው «እንደ … ይቆጠራል» የሚለው ነው።

ቃሉ በውል አንቀጽ ውስጥ «ያስባል» ወይም «ይገምታል» ማለት አይደለም። ነገሩ በእውነት ተፈጸመም አልተፈጸመም፣ እንደ ተፈጸመ እንዲወሰድ አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው። ለምሳሌ «ሠራተኛው በሰባት ቀን ውስጥ ካልተቃወመ እንደ ተስማማ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ ካለ፣ ዝምታዎ እንደ ፊርማዎ ሊወሰድ ይችላል። «ይህን ሰነድ የፈረመ ሠራተኛ ሒሳቡን ሁሉ እንደ ተቀበለ ይቆጠራል» የሚለውንም ገንዘቡ በእጅዎ ሳይገባ ቢፈርሙ፣ አለመከፈልዎን የማስረዳቱ ሸክም በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ቃሉ «አሠሪው አስፈላጊ ሆኖ ባገኘው ጊዜ» በሚል መልክ ሲመጣ ደግሞ፣ ጉዳዩ ለአሠሪው ውሳኔ የተተወ መሆኑን ያመለክታል። የሥራ ቦታን ወይም የሥራ ሰዓትን የሚመለከት ከሆነ፣ ወሰኑ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ይጠይቁ።

ይኸው አነጋገር ሠራተኛውንም ይጠብቃል። በሳዑዲ ዐረቢያ የሥራ ሕግ አንቀጽ 8 መሠረት፣ ከሕጉ ጋር የሚቃረን የውል ቃል እንደ ሌለ ይቆጠራል። በአንቀጽ 51 መሠረት ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም እንዳለ ይቆጠራል፤ በዚህም ጊዜ ሠራተኛው ውሉንና መብቱን በማናቸውም ማስረጃ ማስረዳት ይችላል። በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞች ግን በዚህ ሕግ ሳይሆን በተለየ ደንብ እንደሚተዳደሩ ልብ ይበሉ። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 9 መሠረት የዐረብኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቢለያዩ የሚጸናው ዐረብኛው ነው።

ስለዚህ ይህን ቃል በውልዎ ውስጥ ባገኙ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ያንሡ፦ ምን እንደ ምን ይቆጠራል? ከመቼ ጀምሮ? ለመቃወምስ ስንት ቀን አለኝ? መልሱ ግልጽ ካልሆነ ከመፈረምዎ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ወይም የሠራተኛ ጉዳይ ክፍላችንን ያማክሩ። ተቃውሞ ካለዎት ቀኑን ጠቅሰው በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ቅጂውንም በእጅዎ ያኑሩ። ከሁሉም በላይ፣ ያልተቀበሉትን ገንዘብ «ተቀብያለሁ» ብለው አይፈርሙ።