የተጎዳ የቆዳ ጫማ ውሃ እንዳያስገባ ስለ ማደስ

በደጋው ጎጃም የክረምቱ ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚበረታ የታወቀ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተቀመጠው በደብረ ማርቆስና በዙሪያው፣ ከዚያም ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው አገር፣ ሹም ቢሆን ባለ ይዞታ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ቢሆን ዘበኛ፣ እርሻ ለመጎብኘት የወጣ ሰው ጧት ደረቅ ጫማ አጥልቆ ማታ በራሰ ጫማ ይመለሳል። በዚህም ምክንያት በብዙ ገንዘብ የተገዛ ከስክስና ቡትስ ሁለት ክረምት ሳይቆይ «አለቀ» ተብሎ ይጣላል። ነገር ግን ከሚጣለው ጫማ ብዙው በእውነት ያለቀ አይደለም፤ ቅባቱን ያጣ ነው እንጂ። ቅባቱ በጊዜው ቢመለስለት ደግሞ ውሃ መከልከሉን እንደገና ይጀምራል። ለዚህም የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ በገዛ አገራችን ገበያ የሚገኝ ነው።

ቆዳ ሲያዩት አንድ ወጥ ነገር ይመስላል፤ በቅርብ ለመረመረው ሰው ግን የቀጫጭን ክሮች ጥልፍልፍ ነው። ቆዳ አልፊው ወይም ፋብሪካው ቆዳውን ካለፋ በኋላ ቅባት የሚያጠጣው፣ እነዚህ ክሮች እርስ በርሳቸው ሳይጣበቁ እንዲንሸራተቱ ብሎ ነው። ቆዳው ደጋግሞ እየራሰ ደጋግሞ ሲደርቅ ቅባቱ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል፤ ክሮቹም ባዶ ሲቀሩ ተጣብቀው ይደርቃሉ። ከዚያ በኋላ ጫማው በሚታጠፍበት ስፍራ፣ ይኸውም ከጣቶች በላይ፣ ይሰነጠቃል። ውሃም የሚገባው በዚያ ስንጥቅና በስፌቱ ቀዳዳ ነው።

ይሁን እንጂ ከዝናሙ ይልቅ ጫማን የሚገድለው እሳት ነው። የራሰውን ጫማ ከምድጃ ዳር አስደግፎ ማሳደር በየቤቱ የተለመደ ሲሆን፣ ይህ ልማድ አንድ ክረምት ሙሉ ዝናም ከሚያደርሰው ጉዳት የባሰውን በአንድ ሌሊት ያደርሳል። በእንጨት ልጥና በቅጠል የተለፋ ቆዳ እርጥብ ሳለ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሙቀት ሲያገኘው ተኰማትሮ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ቅባት አይመልሰውም። ዛሬ ፋብሪካ የሚሠራው ቆዳ አብዛኛው ክሮም በተባለ ማዕድን ጨው የተለፋ ስለ ሆነ ከዚያ የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን በምድጃ ዳር ይደርቃል፣ የሶሉም ማስቲሽ ይለቃል። ትክክለኛው አኳኋን ማሰሪያውን ፈትቶ፣ ምላሱን ወደ ውጭ ገልብጦ፣ ውስጡን የጤፍ ጭድ ሞልቶ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው። ጭዱ ውሃውን ሲስብ በሌላ ደረቅ ጭድ ይለወጣል። ሁለት ቀን ቢፈጅም ሁለት ጥንድ ያለው ሰው እያፈራረቀ ያደርገዋል፤ አንድ ጥንድ ብቻ ያለውም ጭዱን ማታና ሌሊት ቢለውጥ ጧት የሚበቃ ያህል ደርቆ ያገኘዋል።

ስለ ጫማ ይህን ያህል የምናስረዝመው ለገንዘብ ቁጠባ ብለን ብቻ አይደለም። በጎጃም ደጋ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ብዙ ገበሬ ከሥራ እንዳወጣ ሹማምንቱ ሁሉ ያውቃሉ። በ1960ዎቹ ዓ/ም ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ሲመረምር፣ በደጋው የሚገኘው ይህ ዝሆኔ በትንኝ ወይም በትል የሚተላለፍ እንዳልሆነ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር በባዶ እግር ለብዙ ዓመት ሲረገጥ ደቃቁ አፈር በእግር ቆዳ ገብቶ የሚያመጣው እንደ ሆነ ገለጠ። ስሙም ፖዶኮኒዮሲስ ተባለ። በ2004 ዓ/ም በታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ውስጥ ከመቶ 3.3 ያህሉ ይህ በሽታ ያለባቸው ሆነው ተገኙ። በ2010 ዓ/ም ውጤቱ የታተመ ሌላ የምሥራቅ ጎጃም ጥናትም፣ የታመመ እግር በየቀኑ እየታጠበ፣ ቅባት እየተቀባ፣ በካልሲና በጫማ ቢጠበቅ፣ እየተመላለሰ የሚነሣው ብርቱ ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንግዲህ ጫማ ለዚህ አገር ሰው ጌጥ አይደለም። እንደ እንጨት የደረቀ፣ ተረከዝ የሚልጥና ውሃ የሚያጠራቅም ጫማ የተሰጠው ሰው ግን አውልቆ በባዶ እግሩ ቢሄድ አይፈረድበትም። ጫማ ማደልና ጫማው የሚደረግ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ልዩ ልዩ ነገር ነው፤ ሁለተኛውን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ወደ ቅባቱ እንመለስ። ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ሰም፣ ሞራና ዘይት። ኢትዮጵያ በሰም ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት፤ ለጧፍ የሚሆነው ሰም በየገበያው አለ፤ ጠጅ የሚጣልበት ቤትም ሰፈፍ አያጣም። ሰፈፉን በጨርቅ ቋጥሮ በፈላ ውሃ ውስጥ ቢጫኑት ሰሙ ወጥቶ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝም እንደ ቂጣ ረግቶ ይነሣል። ሞራው የበሬ ወይም የበግ ሊሆን ይችላል፤ ቀልጦ በጨርቅ የተጠለለ፣ ጨው ያልነካው መሆን አለበት። ከድስት የተረፈ የወጥ ቅባት ለጫማ የሚቀባ ሰው አይተናል፤ ጨውና በርበሬ ለቆዳ መድኃኒት አይደሉም፤ ውሻም ጫማውን ይዞት ይሄዳል። ለዘይቱ የጉሎ ዘይት ይመረጣል፤ ጉሎ ከጥንት ጀምሮ ቆዳ ሲያለሰልሱበት የኖረ ነው፣ በየሱቁም ለጠጕር ቅባት ይሸጣል። የተልባ ዘይት ግን አይሁን፤ እርሱ አየር ሲያገኘው ጠንካራ ሽፋን ሆኖ የሚደርቅ ስለ ሆነ ለእንጨት እንጂ ለሚተጣጠፍ ቆዳ አይስማማም፤ የኑግ ዘይትም በመጠኑ ይህ ጠባይ አለው። ቅቤም ይሻግታል፣ አይጥ ይጠራል።

መጠኑ አንድ እጅ ሰም፣ አንድ እጅ ሞራ፣ ሁለት እጅ ዘይት ነው። 100 ግራም ሰም፣ 100 ግራም ሞራና 200 ግራም ዘይት ቢዋሐድ ለአሥር ጥንድ ያህል ይበቃል። ሰም የሚቀልጠው በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ስለ ሆነ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፤ በጣሳ አድርጎ ጣሳውን በፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ማቆም ይገባል። ሳይታሰብ እሳት ቢይዘው በክዳን ይታፈን እንጂ ፈጽሞ ውሃ አይፍሰስበት፤ ውሃው እሳቱን ይበትነዋል። ከቀለጠ በኋላ እየተማሰለ ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል። ጠንክሮ ጣት እንቢ ካለው ዘይት ይጨመርበት፤ ደጋ ብርድ ነውና በደጀን በረሃ የሚበቃው ዘይት በጮቄ ሥር አይበቃም። በአውሮፓም ይህን የመሰለ ቅባት ዳቢን እየተባለ ከጥንት ይሠራበታል፤ የእንግሊዝ ወታደር ጫማውን የሚቀባው በእርሱ ነበር።

ጫማው አስቀድሞ ይጽዳ። የደረቀ ጭቃ በብሩሽ ይራገፋል፤ የቀረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በአመድ ወይም በልብስ ዱቄት ሳሙና ማጠብ የቀረውንም ቅባት ይገፍፋል። ሻጋታ ቢኖርበት ውጭ አውጥቶ ጠንከር ባለ አረቄ በራሰ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ ይህን ሲያይ የሚያዝን ሰው ቢኖርም ጥቂት ነው የሚፈጀው። የተተረተረ ስፌት ካለ ቅባቱ ከመነካቱ በፊት ለጫማ ሰፊ ይሰጥ፤ ቅባት የጠጣ ቆዳ ማስቲሽ አይዝለትምና።

ከዚያም ጫማው ጥቂት ጊዜ በጧት ፀሐይ ለብ ካለ በኋላ ቅባቱ በጣት ይቀባል። ብሩሽ ፍጥነት አለው፤ ነገር ግን የጣት ሙቀት ቅባቱን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። መጀመሪያ ስፌቱ፣ ቀጥሎ ምላሱ ከጐኑ የተያያዘበት እጥፋት፣ ቀጥሎ ጣቶች የሚታጠፉበት ስፍራ፣ በመጨረሻ የቀረው ነው። ሶሉ በማስቲሽ የተጣበቀበት ጠርዝ ላይ ቅባት አይብዛ። አንድ ሌሊት አድሮ ቆዳው የጠጣውን ያህል ከጠጣ በኋላ የተረፈው ይወለወላል፤ በጣም የደረቀው ጫማ በማግሥቱ ሁለተኛ ይቀባል። አብዝቶ መቀባት ጥቅም የለውም፤ ቆዳው ይልማል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ የእግርም ላብ መውጫ ያጣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለለስላሳው የቆዳ ጫማ ነው። እንደ ከፋይ ጠጕር ያለው ቆዳ ቅባት ሲነካው ጠጕሩ ይተኛል፣ መልኩም ይጠፋል፤ ላይ ላዩን ፕላስቲክ የተለበጠው ደግሞ ቅባቱን አይጠጣም። ቆዳውን አልፎ ክሩ የታየ ስንጥቅም በቅባት አይዘጋም። ቀኑን ሙሉ በዋልካ ጭቃ ውስጥ ለሚውል ሰው፣ ለምሳሌ የጤፍ ማሳ ለሚያርስ፣ የቆዳ ጫማ ከመስጠት ቦቲ መስጠት ይሻላል ብለን እንፈርዳለን፤ ቦቲ ግን ለረዥም መንገድ ይከብዳል፣ እግርንም በላብ ያበስላል፤ ለመንገደኛ ቆዳ ይበልጣል።

ጫማ የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶች ከጫማው ጋራ አንድ ጣሳ ቅባት ለየቀበሌው ቢያስቀምጡ ወጪው ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቅብ በግንቦት መጨረሻ፣ መሬቱ ሳይርስ ይሁን፤ በክረምቱ ውስጥ በየሦስት ሳምንቱ፣ በመስከረም መጨረሻም ጫማው ታጥቦ ከመቀመጡ በፊት አንድ ጊዜ ይደገም። የመቀቢያው ጊዜ መድረሱን ለማወቅ ጥቂት የውሃ ጠብታ በጣቶቹ ላይ ማንጠባጠብ ይበቃል፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ቢንከባለል ጫማው ገና ነው፤ ተንጣሎ ቆዳውን ካጠቈረው ግን ጣሳው ይከፈት።