ከብርሃን የሚቀድም መንኰራኵር
ከአዋሽ እስከ ሰመራ፣ ከሰመራ እስከ ከዋክብት

ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰመራ የሚወርድ መንገደኛ ስለ ፍጥነት ለማሰብ ብዙ ጊዜ አለው። ጐዳናው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ በቆላው መካከል ይዘረጋል፤ ግራና ቀኙ ሜዳና ቍጥቋጦ ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄዱትና ከጅቡቲ የሚመለሱት ከባድ መኪናዎች አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል። ርቀቱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የግመል ቅፍለት ይህን መንገድ ለመጨረስ 12 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ በ5 ሰዓት ይደርሳል። ብርሃን ግን በአንድ ሴኮንድ 300 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከአዋሽ ሰመራ ለመድረስ ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ጊዜ ይበቃዋል።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ የበለጠ ፍጥነት ለምን ያስፈልጋል ትል ይሆናል። ሌሊት ከመኪናው ወርደህ ቀና ብለህ ሰማዩን ስታይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ብርሃን ከፀሐይ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይወስድበታል። ከፀሐይ ቀጥሎ ለምድር ቅርብ ከሆነችው ኮከብ፣ ከፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ ለመድረስ ደግሞ ከአራት ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ለጐረቤታችን ይህ ከሆነ፣ ለሩቆቹ ምን ሊሆን ነው?

የድንቅነሽ መንኰራኵር

ይህ ነገር ለአፋር ምድር ባዕድ አይደለም። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረባው በአዋሽ ሸለቆ፣ ሐዳር በተባለው ሥፍራ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቈጠረ አፅም አገኙ። ውጭ ሀገር ሰዎች በሰፈሩ ውስጥ ይሰማ በነበረ የቢትልስ ዘፈን ምክንያት «ሉሲ» አሏት፤ እኛ «ድንቅነሽ» አልናት።

የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ በስሟ የሰየማትን «ሉሲ» የተባለች መንኰራኵር ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ላከ። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. መንኰራኵሯ 800 ሜትር ገደማ ስፋት ያላትን አንዲት ትንሽ የጠፈር ዐለት አልፋ ሄደች፤ የዐለቲቱም ስም «ድንቅነሽ» ነው። ሊቃውንቱ ፎቶግራፉን ሲመለከቱ ዐለቲቱን የምትዞር ትንሽ ጨረቃ አዩ፤ እርስዋንም «ሰላም» አሏት። ሰላም፣ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን በ1993 ዓ.ም. ከሐዳር አጠገብ በዲኪካ ያገኘው የሕፃን ልጅ ቅሪት መጠሪያ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የትንሣኤ በዓል በዋለበት ዕለት፣ መንኰራኵሯ በአግኚው በዶናልድ ጆሃንሰን ስም የተሰየመችውን ሌላ ዐለት አለፈች። የሩቅ ጉዞዋ ዓላማ በጁፒተር ምሕዋር ላይ የሚጓዙትን ዐለቶች ማየት ነው።

ይህች መንኰራኵር በድንቅነሽ አጠገብ ስታልፍ ፍጥነቷ በሴኮንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚህ ፍጥነት ከአዋሽ ሰመራ የ78 ሴኮንድ መንገድ ነው። ወደ ፕሮክሲማ ግን 280 ሺሕ ዓመት ያህል ይሆናል። እንግዲህ በድርሰት ዓለም የሚጓዙት ጀግኖች በአንድ ሕይወት ውስጥ ከኮከብ ወደ ኮከብ እንዲዘልቁ ካስፈለገ፣ ደራሲው አንድ ዘዴ ማግኘት አለበት።

የማይጣሰው ሕግ

ብርሃን ጊዜ ወስዶ የሚጓዝ መሆኑን በመጀመሪያ ያሳየው የዴንማርኩ ተወላጅ ኦሌ ሮመር ነው፤ በ1676 እ.ኤ.አ. የጁፒተር ጨረቃ ከጥላ የምትወጣበት ሰዓት አንዳንዴ እንደሚዘገይ፣ አንዳንዴም እንደሚፈጥን አይቶ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. ደግሞ አልበርት አይንሽታይን ክብደት ያለው ነገር ሁሉ የብርሃንን ፍጥነት ሊደርስበት እንደማይችል አስረዳ። ነገሩ በፈጠነ ቍጥር፣ ጥቂት ተጨማሪ ፍጥነት ለመስጠት የሚያስፈልገው ኀይል እየበዛ ይሄዳል፤ ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጋም መጨረሻ የሌለው ይሆናል። ስለዚህ ችግሩ የሞተር መድከም አይደለም። ከዚህ የሚበልጥ ሞተር ቢሠራም ሕጉ ያው ነው።

ደራስያን ያገኙት ሦስት መውጫ

ብልኆቹ ደራስያን ሕጉን ፊት ለፊት አይጋፉም፤ በጐን ያልፉታል።

የመጀመሪያው ዘዴ መንገዱን ማጠፍ ነው። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታየው «ስታር ትሬክ» በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርሰት፣ «ኢንተርፕራይዝ» የምትባለው መርከብ በዙሪያዋ ያለውን ጠፈር ታጥፋለች። በባቡር ውስጥ የተቀመጠ ሰው እርሱ ሳይራመድ ሠረገላው እንደሚወስደው ሁሉ፣ መርከቧም በቦታዋ ተቀምጣ በዙሪያዋ ያለው ጠፈር ይወስዳታል። የፍጥነቷ ደረጃ በቀድሞው ድርሰት በአንድ ቀላል ሒሳብ ይታወቃል፤ የደረጃው ቍጥር ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ስድስተኛው ደረጃ 216 ጊዜ የብርሃን ፍጥነት ነው። በዚህ ደረጃ ፕሮክሲማ የአንድ ሳምንት መንገድ ትሆናለች።

በ1994 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮው የፊዚክስ ሊቅ ሚጌል አልኩቢየሬ ይህን የመሰለ ጉዞ ከአይንሽታይን ሒሳብ ጋር ሊስማማ እንደሚችል በጽሑፍ አሳየ፤ ከፊት ያለው ጠፈር ይኰማተራል፣ ከኋላ ያለው ይሰፋል። ነገር ግን ይህን ለማድረግ ከዜሮ በታች የሆነ ኀይል በብዛት ይጠይቃል፤ ይህንንም የሚያስገኝ ሰው እስካሁን የለም።

ሁለተኛው ዘዴ በሌላ ዓለም ማቋረጥ ነው። አይዛክ አሲሞቭ በድርሰቶቹ «ዝላይ» አለው፤ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው «ስታር ዎርስ» ፊልምም በዚሁ መንገድ ሄደ። ከኛ ጠፈር ጐን ርቀት የሚያጥርበት ሌላ ጠፈር አለ ይባላል፤ መርከቡ ወደዚያ ገብቶ ጥቂት ይጓዝና በሩቅ ቦታ ይወጣል። የወንዙን ጠመዝማዛ ዳር ዳሩን ከመከተል በአቋራጭ እንደ መሻገር ነው። ፍራንክ ኸርበርት በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዱን» በተባለው መጽሐፍ፣ መርከቡን በደኅና የሚመሩት ሰዎች ከአንዲት በረሓማ ዓለም ብቻ የሚገኝ ቅመም መውሰድ አለባቸው። የአፋርን አሞሌ ጨው ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ፣ በረሓ የሚያወጣው ዕቃ የሩቅ ገበያ ገንዘብ ሲሆን አይደነቅም።

ሦስተኛው ዘዴ ዋሻ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መኪና ተራራውን አይዞርም፤ በጣርማ በር ዋሻ ገብቶ በወዲያ በኩል ይወጣል። አይንሽታይንና ናታን ሮዘን በ1935 እ.ኤ.አ. ሁለት የጠፈር ክፍሎችን የሚያገናኝ እንዲህ ያለ መተላለፊያ በሒሳብ ገለጡ። ካርል ሴገን በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ልብ ወለድ ሲጽፍ ወዳጁን የፊዚክስ ሊቅ ኪፕ ቶርንን ስለ ጉዞው አማከረው፤ ቶርንም ሰው ሊያልፍበት ስለሚችል ዋሻ በብርቱ ተመራመረ። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ዋሻው እንዳይደረመስ የሚያቆመው ያው ከዜሮ በታች የሆነ ኀይል ነው።

ሳይጻፍ የደረሰ መልስ

ኀይሉ ቢገኝ እንኳ ሌላ ዕዳ አለ። በአይንሽታይን ትምህርት፣ በተለያየ ፍጥነት የሚሄዱ ሰዎች «አሁን» የሚሉት ነገር አንድ አይደለም። ከብርሃን የሚቀድም መልእክት እየፈጠነ ለሚሄድ ሰው ቢላክ፣ ያም ሰው በዚያው ዐይነት ፍጥነት መልስ ቢሰጥ፣ መልሱ ጥያቄው ከመነሣቱ በፊት ሊደርስ ይችላል። በሰመራ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ አንድ ጸሓፊ ገና ላልጻፈው ደብዳቤ መልስ ደረሰው እንበል። መልሱን አንብቦ ደብዳቤውን መጻፉን ቢተውስ? መልሱ ከየት መጣ? የብርሃን ፍጥነት ወሰን ምክንያት ከውጤት እንዲቀድም የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ብዙዎቹ ድርሰቶች ይህን ጥያቄ ሳያነሡ ያልፋሉ።

ቀርፋፋው ብርሃን ያቆየልን

የኅዳር ማታ፣ ከከተማው መብራት ራቅ ባለ ቦታ፣ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ፈዘዝ ያለ ነጭ ነጥብ በዐይን ይታያል። ይህ አንድሮሜዳ የተባለው የከዋክብት ጉባኤ ነው። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ዛሬ ዐይናችን የሚያየው ብርሃን ከዚያ የተነሣው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከሐዳር አጠገብ በጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜም 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። እንግዲህ ያ ብርሃን ጉዞ ሲጀምር፣ በአፋር ምድር ድንጋይ በድንጋይ የሚጠርብ እጅ ነበረ።

ነገሩን ገልብጠን እንየው። ከብርሃን የሚቀድም መርከብ ካለን፣ ከምድር የወጣውን የጥንት ብርሃን ቀድመን፣ ዘወር ብለን፣ ድንቅነሽን በሕይወት ሳለች ልናያት በተቻለን ነበር። ሆኖም ኢንተርፕራይዝ በስድስተኛው ደረጃ ብትበር እንኳ ያን ብርሃን የምትደርስበት ከ15 ሺሕ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በሐዳር ግን ሰዎች በእግራቸው እየሄዱ፣ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አገኟት።

ብርሃን በቅጽበት ከየትም የሚደርስ ቢሆን ኖሮ ሰማዩ የሚያሳየን ዛሬን ብቻ ነበር። ቀርፋፋ በመሆኑ የጥንቱን ዘመን እንደ መዝገብ ቤት አቆይቶልናል፤ አዋሽም በደለሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። የወንዙ ውሃ ከባሕር አይደርስም፤ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከዳርቻው የተገኘችው የድንቅነሽ ስም ግን ዛሬ ከማርስ ወዲያ ነው። ስሙን የተሸከመችው መንኰራኵርም ከብርሃን የምትቀድም አይደለችም፤ በሴኮንድ ጥቂት ኪሎ ሜትር የምትሄድ ናት። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶች ይህን ቢያዩ ደስ ባላቸው ነበር።