የቱ ጣሳ ይሻላል? ስለ ሕፃናት ዱቄት ወተት የሚወራው እውነትና ተረት

አራስ ቤት ገብቶ «የትኛውን ወተት ልግዛ?» ያለ ሰው ምክር አያጣም። አንዷ «ያኛው ያወፍራል» ትላለች። ሌላዋ «የኔ ልጅ በሱ ሆዱ ደርቆ ነበር» ብላ ታስጠነቅቃለች። አሜሪካ ያለችው አክስት ደግሞ ደውላ «የዚያን አገር አትግዙ፣ እኔ በሰው እልካለሁ» ትላለች። በመጨረሻ አባት ፋርማሲ ሄዶ መደርደሪያው ፊት ይቆማል። ከፊቱ ወርቃማ ክዳን፣ ጋሻ፣ ድብ፣ ያልተለመዱ ምህፃረ ቃላትና እጅግ የተራራቀ ዋጋ ተደርድሯል።

ከሚወራው ጥቂቱ እውነት ነው። የቀረው ግን ሰውን ያለ ቦታው ያስጨንቃል። ሁሉም የትኛው ጣሳ ይገዛ በሚል ሲከራከር፣ ሕፃኑን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጣሳው ተከፍቶ ወጥ ቤት ከገባ በኋላ የሚሠራው ስህተት ነው።

«ወተቴ አልመጣም፣ በዱቄት ልጀምርለት»

አብዛኛውን ጊዜ ተረት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው እንገር መጠኑ ትንሽ ነው፤ የአራሱም ጨጓራ እንደዚያው። ጡት ወተት የሚሠራው በተጠባው ልክ ስለሆነ፣ «ለማገዝ» ተብሎ የሚሰጠው ጡጦ ወተቱን ይቀንሰዋል። በዚህ መንገድ «ወተቴ አነሰ» የሚለው ስጋት ከጊዜ በኋላ እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ልጅ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛዋ እናት ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ ግን 90 ቀን ነው፤ ስድስቱን ወር አያደርስም። ክፍተቱን ሁሉ በጣሳ መሙላት ግዴታ አይደለም፤ የታለበ የእናት ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል።

ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ያለ እናት የግድ ዱቄት ወተት መስጠት አለባት የሚለውም ያለፈበት ወሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደኛ ላሉ አገሮች የሚመክረው መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች እንድታጠባ ነው። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ያልሆነላት፣ ወይም በሕክምና ምክንያት የማታጠባ እናት ግን ጡጦ ስላነሳች ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ከዚህ በታች ያለው በተለይ ለእሷ ነው።

«ውዱ ይሻላል»

ተረት። ለሕፃናት ወተት ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ተዘጋጅቶ በሚጠጣው 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪ መኖር እንዳለበት፣ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱ፣ ብረቱና ቪታሚኖቹ ከየት እስከ የት መሆን እንደሚገባቸው ይወስናል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሕጉ 30 ንጥረ ነገሮችን ያስገድዳል። የሱፐርማርኬቱ የራሱ ስም ያለበት ርካሽ ጣሳም፣ በማስታወቂያ የሚታወቀውም የሚፈተኑት በዚሁ ነው። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ለወላጆች በግልጽ የሚነግረው የየትኛውም ኩባንያ ወተት የሕፃኑን ፍላጎት እንደሚያሟላ ነው።

ታዲያ ትርፉ ገንዘብ ምን ይገዛል? በአብዛኛው ጣሳው ፊት ላይ የተጻፈውን። ዲኤችኤ የሚባለውን ቅባት እንውሰድ፤ «ለአእምሮ» እየተባለ በትልቁ ይጻፋል። አውሮፓ ውስጥ ከየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማንኛውም የሕፃን ወተት ውስጥ እንዲኖር ሕግ ያስገድዳል፤ ስለዚህ እዚያ የተመረተ ጣሳ በዲኤችኤ ሲኩራራ የሚኩራራው ሕግ በማክበሩ ነው። ጊዜያቸውን ጠብቀው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተደረጉት ጥናቶች በአንድነት ሲገመገሙም፣ በአእምሮና በማየት ችሎታ ላይ ወጥ የሆነ ብልጫ አላሳዩም። በነገራችን ላይ በዚያው በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀው የግብይት ደንብ ጣሳ ላይ የሕፃን ፎቶ መለጠፍን አይፈቅድም። ድቡና ጋሻው የበዙት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

«ቁጥሩ ከፍ ሲል ወተቱ ይጠነክራል»

ይህም ተረት ነው፣ አደገኛ ተረት። 1፣ 2፣ 3 የሚሉት ቁጥሮች የዕድሜ እንጂ የጥንካሬ ደረጃ አይደሉም። 2 ቁጥር ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ «ቶሎ ይራባል» ተብሎ ወደ እሱ መሻገር ልክ አይደለም። 1 ቁጥር ግን ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ተከታይ የሚባሉት ወተቶች አስፈላጊ እንዳልሆኑ አስታውቋል። ዓመት ለሞላው ልጅ የተፈላ የላም ወተትና የቤቱ ምግብ እያለ 3 ቁጥር መግዛት ትርፍ ወጪ ነው።

«የዱቄት ወተት ሁሉ አንድ ነው»

አንድ አይደለም፤ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ቡና ቤት ማኪያቶ የሚሠራበት፣ ትልልቅ ልጆች በሻይ የሚጠጡት የዱቄት ወተት ውሃው የወጣለት የላም ወተት ነው። የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 3.3 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲይዝ የእናት ጡት ወተት 1 ግራም ገደማ ነው። ያ ሁሉ ፕሮቲንና ጨው ላልጠነከረ ኩላሊት ሸክም ነው። ብረቱ በጣም ጥቂት ከመሆኑም በላይ ወተቱ የአንዳንድ ሕፃናትን አንጀት በዓይን በማይታይ መጠን ያደማል፤ ውጤቱ ደም ማነስ ነው። በውሃ አቅጥኖ ስኳር ጣል ማድረግ ፕሮቲኑን ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ የጎደለውን አይመልስም። የፍየል ወተትም እንዲሁ፤ እሱ ደግሞ ፎሌት ያንሰዋል። ከፍየል ወተት ተሠርቶ ለሕፃን የተመጣጠነ ፎርሙላ ሌላ ነገር ነው፤ አውሮፓ ፈቅዶታል። ነገር ግን ለላም ወተት አለርጂ መፍትሔ አይሆንም፣ የሁለቱ ፕሮቲን እጅግ ይመሳሰላልና።

መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ መለየት ያቅታል። ጣሳውን ዞር አድርገው ጀርባውን ያንብቡ፤ «ከልደት ጀምሮ» ወይም «ከ0 እስከ 6 ወር» የሚል ከሌለው ለአራስ የሚሆን አይደለም።

«ከአሜሪካ የመጣ አይሳሳትም»

ግማሽ እውነት። ዱቄቱ ደህና ነው፤ ችግሩ ማንኪያው ላይ ነው።

በአውሮፓ ኩባንያዎች አሠራር፣ አዲስ አበባ በብዛት በሚሸጡትም ላይ፣ አንድ ለጥ ያለ መለኪያ ማንኪያ የሚገባው ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። በብዙዎቹ የአሜሪካ ጣሳዎች ደግሞ አንድ ማንኪያ ለ2 አውንስ፣ ማለትም ለ60 ሚሊ ሊትር ነው፤ ማንኪያውም በዚያው ልክ ትልቅ ነው። እንግዲህ ሞግዚቷ ለ150 ሚሊ ሊትር አምስት ማንኪያ ማድረግ ለምዳለች እንበል። በሻንጣ የመጣው ጣሳ ይከፈታል፣ ውስጡ ያለው ማንኪያ ይወጣል፣ እንደ ልማዷ አምስት ትጨምራለች። የሚገባው ሁለት ተኩል ነበር። ሕፃኑ እጥፍ የወፈረ ወተት ጠጣ ማለት ነው፤ ጨውና ፕሮቲኑ ውሃውን ከሰውነቱ ይስበዋል፣ ይጠማዋል፣ ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ ደግሞ «ራበው» ተብሎ ሌላ ይበጠበጥለታል። በተቃራኒው፣ አሜሪካ ልጅ ያሳደገች አያት በአገር ቤቱ ትንሽ ማንኪያ አንድ ለ60 ካደረገች ልጁ ግማሽ ምግብ ያገኛል። ወተቱ እንዲበረክት ተብሎ ማቅጠንም ያው ነው፤ ክብደት ይቆማል፣ ሲብስ የደም ጨው ወርዶ እስከ ማንዘፍዘፍ ያደርሳል።

ስለዚህ የአንዱን ጣሳ ማንኪያ ለሌላው አያውሉ፤ ሲያልቅ ማንኪያውን ከጣሳው ጋር ይጣሉት። ዱቄቱን በቢላ ጀርባ ለጥ ያድርጉት እንጂ አይጠቅጥቁት። ከዱቄቱ በፊት ውሃው ጡጦ ውስጥ ይግባ፤ ዱቄት ጨምሮ «እስከ 150 ልሙላው» ማለት ውሃውን ያሳንሰዋል።

ሌላም አለ። በየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) አቦት የተባለው ኩባንያ ሚሺጋን ስተርጂስ ከሚገኘው ፋብሪካው የወጡ ዱቄት ወተቶችን ክሮኖባክተር በሚባል ባክቴሪያ ስጋት ከገበያ ሰበሰበ። አሜሪካ ያለ ወላጅ ጣሳው ላይ የታተመውን ቁጥር አይቶ መመለስ ይችል ነበር፤ በሻንጣ ተሻግሮ ጎጃም የገባውን ጣሳ ግን ማን ይጠራዋል? እስራኤል ያሉ አንባቢዎች በ2003 (እ.ኤ.አ.) የደረሰውን ያስታውሱ ይሆናል። ጀርመን ተመርቶ ሬሜዲያ በሚል ስም ይሸጥ የነበረው የአኩሪ አተር ወተት ጽሑፉ ላይ የሰፈረው ቪታሚን ቢ1 ውስጡ አልነበረም፤ ሕፃናት ሞቱ፣ ከተረፉትም ዕድሜ ልክ የተጎዱ አሉ። የውጭ መሆን ዋስትና አይደለም።

«አልተስማማውም፣ እንቀይርለት»

አንዳንዴ እውነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተረት። የሕፃናት ለቅሶ ከተወለዱ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይበርዳል። ጡት ብቻ የሚጠባውም እንዲሁ ነው። ወላጅ በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጣሳ ይቀይራል፣ በስምንተኛው ሌላ፣ በአሥራ ሁለተኛው ሦስተኛ ይሞክራል፤ ለቅሶው በራሱ ጊዜ ሲበርድ ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ሳምንት ቤት የተገኘው ጣሳ ነው። «ያኛው ሆድ አይነፋም» የሚለው የሰፈር ምስክርነት ብዙውን ጊዜ የሚወለደው እንዲህ ነው።

ብረት ያለበት ወተት ያደርቃል ይባላል፤ በሚገባው መጠን የተጨመረ ብረት ድርቀት እንደማያመጣ በጥናት ታይቷል። ሰገራውን ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሊለውጠው ይችላል፣ ያ ጉዳት የለውም። ላክቶስም በከንቱ ይታማል። ብዙ አበሻ ካደገ በኋላ ወተት ሆዱን ይነፋዋል፤ የአራስ አንጀት ግን ሌላ ነው፣ የእናት ጡት ወተት ራሱ በ100 ሚሊ ሊትር 7 ግራም ያህል ላክቶስ ይዟልና። ላክቶስ መፍጨት ሳይችል የሚወለድ ልጅ እጅግ ብርቅ ነው።

እውነት የሆነው የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው። ሰገራ ላይ ደም፣ ሽፍታ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ክብደት አለመጨመር ከታየ ነገሩ የመደርደሪያ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የሐኪም ጉዳይ ይሆናል። የሚታዘዘውም ፕሮቲኑ በጣም የተሰባበረ ልዩ ወተት ነው፤ «ኤችኤ» ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው አለርጂ ላለበት ልጅ አይሆንም።

«የታሸገ ነው፣ ንጹሕ ነው»

አይደለም። ዱቄት ወተት ከጀርም ነፃ ሆኖ አይመረትም፤ ያ ክሮኖባክተር ደረቅ ዱቄት ውስጥ ሳይሞት ይቆያል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ ይበጥበጥ የሚለው፤ ሙቀቱ የሚያስፈልገው ለውሃው ብቻ ሳይሆን ለዱቄቱም ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል መመሪያው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓቱን ሳይጠብቁ ይበጥብጡት። ከተበጠበጠ በኋላ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማብረድና ክንድ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር ነው። የፋብሪካ ውሃም ይፈላል፤ ሃይላንድ ውስጥ ያለው ውሃ ጀርም የለበትም ማለት አይደለም። ፕሮባዮቲክ የተጨመረባቸው አንዳንድ ጣሳዎች ለብ ባለ ውሃ አዘጋጁ ይላሉ፤ ተከፍሎበት የገባው ባክቴሪያ እንዳይሞት ሲባል ያልተፈለገውም አብሮ ይተርፋል። ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደ ወይም ሁለት ወር ላልሞላው ልጅ ይህን ሐኪም ሳያማክሩ አይድፈሩ።

ሌሊት ለመገላገል የተበጠበጠ ወተት ፔርሙዝ ውስጥ ማሳደር የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ለባክቴሪያ ከዚያ የተመቸ ቦታ የለም። ፔርሙዙ ውስጥ የሚያድረው የፈላው ውሃ ብቻ ይሁን። የተዘጋጀ ወተት ፍሪጅ ካልገባ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል ወይ ይደፋል፤ ልጁ ያስተረፈውም ይደፋል። ጡጦ ማፅዳት ለሚያስቸግርበት ቤት ኩባያ ይሻላል፤ አራስም ቢሆን ቀና ተደርጎ በኩባያ ይጠጣል።

«እንቅልፍ እንዲወስደው አጥሚት ይጨመርበት»

ተረት። እንቅልፍ አያስረዝምም፣ ያንቃል።

«ያወፍራል»

ይህ ለወተት የሚሰጥ ትልቁ ምስጋና ነው፣ ግን መለኪያ አይሆንም። በፎርሙላ ያደጉ ሕፃናት ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ ጡት ከሚጠቡት ፈጠን ብለው ይከብዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የእድገት ሰንጠረዥ የተሠራው ግን በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጡት ይጠቡ የነበሩ ልጆችን በመከታተል ነው። ጤና ጣቢያ ልጁን በየወሩ ሲያስመዝኑ ነርሷ ነጥብ የምታደርገው በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ነው። ነጥቦቹ ተያይዘው የራሱን መስመር ይዘው ከሄዱ፣ በቀን ስድስት ያህል ዳይፐር ካረጠበ፣ ጉንጩ ባይሞላም የያዘው ጣሳ ተስማምቶታል።