የጊታር ኢፌክት ፔዳልና ቮልቴጅ፦ 9፣ 12 ወይስ 18?

(በሁሩታ የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ጽሑፋዊ ቅጂ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም ገንዘብንም ሙያንም ይነካል። በዘመድ ሻንጣ ከባሕር ማዶ የመጣ ፔዳል እዚህ ሁሩታ ቢቃጠል በማግሥቱ መተካት አይቻልም። ለዚህ ጥፋት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአዳፕተሩን ጽሑፍ ሳያነቡ መሰካት ነው።

አስቀድመን ቮልቴጅ በድምፅ ላይ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ፔዳሉ የሚያወጣው ሞገድ በውስጡ ከሚሠራበት ቮልቴጅ በላይ ሊወጣ አይችልም። ጣሪያው ዝቅ ባለ ቤት ረጅም ሰው ጎንበስ ለማለት ይገደዳል፤ ሞገዱም ጣሪያውን ሲነካ ጫፉ ይቆረጣል፣ ጆሯችንም ይህን እንደ ሻካራ ድምፅ ይሰማዋል። በሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» የምንሰማው የጊታር መሻከር የዚህ ዓይነት የሞገድ ለውጥ ውጤት ነው።

እንግዲህ 18 ቮልት የሚቀበል ድምፅ ማጉያ ፔዳል ከ9 ቮልት ይልቅ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ጣሪያው ከፍ ስለሚል ነው። ነገር ግን ሞገዱ በዳዮድ በሚቆረጥበት ፔዳል ውስጥ መቆረጡ የሚጀምረው ከ1 ቮልት በታች ስለሆነ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ዲጂታል ፔዳል ደግሞ በውስጡ ቮልቴጁን ወደ 5 ወይም 3.3 ስለሚያወርድ ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ «ቮልት ሲጨምር ድምፅ ያምራል» የሚለው አባባል በሁሉም ፔዳል ላይ አይሠራም። እንዲያውም ለ16 ቮልት የተሠራ ካፓሲተር በ18 ቮልት ሊፈነዳ ይችላል። ፈቃዱን የሚሰጠው አምራቹ በፔዳሉ ላይ የጻፈው ቁጥር ነው።

ከመሰካታችን በፊት ሦስት ነገሮችን እናንብብ። ቮልቴጁ ከፔዳሉ ጋር እኩል ይሁን። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ፔዳሉ የሚወስደው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ስለሆነ 10 ሚሊ አምፔር የሚፈልገውን ፔዳል የ2 አምፔር አዳፕተር አይጎዳውም። ሦስተኛው የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጥ ነው። አብዛኛው ፔዳል ኔጌቲቩ መካከል ላይ ነው፤ የኢንተርኔት ራውተር አዳፕተር ግን በአብዛኛው ፖዘቲቩ መካከል ላይ ነው። ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ የራውተሩን አዳፕተር ፔዳል ላይ መሰካት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ አዳፕተር «100–240» የሚል ከሆነ ይሠራል፤ «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ይቃጠላል።

መብራት ሲጠፋስ? የ12 ቮልት የሶላር ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ከ14 ቮልት ስለሚያልፍ በቀጥታ ከ9 ቮልት ፔዳል ጋር አይገናኝ። በመካከሉ 7809 የተባለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ቢገባ 9 ቮልት ያወጣል። ባለ 9 ቮልት አልካላይን ባትሪም ወደ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ 5 ሚሊ አምፔር የሚወስድን ፔዳል 100 ሰዓት ገደማ ያሠራል፣ 100 የሚወስደውን ዲጂታል ፔዳል ግን 5 ሰዓት እንኳ አያደርሰውም። ለሠርግ ምሽት የሚዘጋጅ ባንድ ይህን ስሌት አስቀድሞ ይሥራ።

ፔዳል የሚገዛ ሰው አዳፕተሩንም አብሮ ያስመጣ፤ በሁለቱም ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነጻጽር፤ ከዚያ ይሰካ።