ማሲንቆና ጦር ሜዳ

ለዋግ ሰው የደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ስም እንግዳ አይደለም። በ1929 ዓ.ም. ክረምት በጣልያን ላይ ተነሡ፤ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ ሆነ።

ጠላት ግን ማሲንቆ የያዘውንም ይፈራ ነበር። ደጃዝማች ከመነሣታቸው በፊት፣ በመጋቢት 1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዝዞ ነበር። ስለምን? አዝማሪ በጦር ሰፈር ጀግናውን በስሙ እየጠራ ያወድሳል፤ ፈሪውን ይነቅፋል፤ የደከመውን ልብ ያነሣሣል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ወታደሮቿን የሚያጫውቱ ከያንያንን ወደ ጦር ሰፈር ልካለች፤ ለዚህም ተመስግነዋል። በእኛ አገር ግን «አዝማሪ» መባል ብዙ ዘመን እንደ ስድብ ተቈጥሮ ኖረ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የማሲንቆ ድምፅ ስትሰማ፣ ሳይተኩስ የተረሸነውን ከአርበኞች ጋር አስበው።