ከጠፋ የማይመለሰውን የዓይን ብርሃን መጠበቅ

ከጥቁር ዓባይ በስተምሥራቅ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፊ የካርቱም መንደር አለ። በየጊዜው ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ሱዳናውያን ኑሯቸውን የመሠረቱበት ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ በከተማይቱ ብዙ ሆስፒታሎች ሥራቸውን አቋረጡ። ጦርነት የሕክምናን መስመር ሲበጥስ ከሚጎዱት ወገኖች አንዱ፣ በየቀኑ የዓይን ጠብታ የሚያስፈልገው የግላኮማ በሽተኛ ነው።

ግላኮማ ሰርጎ ገብ ጠላት ነው። በአብዛኛው ሕመም የለውም፤ ዓይንንም አያቀላም። በዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጨው ፈሳሽ እንደሚገባ ሳይወጣ ሲቀር ግፊቱ ይጨምራል። በዚህም ሳቢያ ምስልን ከሬቲና ወደ አንጎል የሚያደርሱት አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች ይጎዳሉ፤ ክሮቹ የሚበቅሉባቸው ሕዋሳትም ጥቂት በጥቂት ይሞታሉ። ጉዳቱ በአብዛኛው ከዕይታ ዳር ስለሚጀምር፣ በሽተኛው ፊት ለፊቱ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ ከጎኑ የሚመጣውን መኪና ላያይ ይችላል። ግፊታቸው ሳይጨምር የሚታመሙም ስላሉ፣ ሐኪሙ ግፊቱን ከመለካት ጋር ነርቩንም መመልከት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ለዓይነ ሥውርነት ምክንያት ከሆኑት በሽታዎች የዓይን ሞራ 49.9 ከመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 ከመቶ ድርሻ ነበራቸው። ይሁን እንጂ በሞራ የተጋረደ ዓይን በቀዶ ሕክምና ሊበራ ሲችል፣ በግላኮማ የሞተ የነርቭ ሕዋስ ግን አይተካም።

ሕዋሳቱን በቀጥታ ከሞት የሚያድን መድኃኒት ለማግኘት ብዙ ተደክሟል። ሜማንቲን የተባለው መድኃኒት በሰፊ ሙከራ ተፈትኖ የታሰበውን ውጤት አላስገኘም፤ ቫይታሚን ቢ3ም በምርምር ላይ ይገኛል። እስከ ዛሬ የተረጋገጠው መከላከያ የዓይንን ግፊት በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና ዝቅ ማድረግ ነው። ከጠብታዎቹ አንዱ የሆነው ቲሞሎል እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በአሜሪካ በሥራ ላይ ውሏል፤ አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው።

ጠብታውን ያቋረጠ ሰው ወዲያው የሚሰማው ሕመም አለመኖሩ ያዘናጋዋል። በመሆኑም ወታደርም ሆነ ነጋዴ፣ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ሲዘዋወር የጠብታውን ጠርሙስና የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ከስንቁ ጋር ሊይዝ ይገባዋል። በደረሰበት ጤና ጣቢያም ሕመሙን አስቀድሞ ይንገር። ጠብታ ካደረገ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ በጣቱ ቢጫን፣ መድኃኒቱ በዓይኑ ውስጥ ይቆይለታል።

ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፣ በተለይም ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት በግላኮማ የታመመባቸው ሁሉ በሽታው ሳይታወቃቸው ሊመረመሩ ይገባል። ዴክሳሜታዞንን የመሰሉ ጠብታዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የዓይንን ግፊት ስለሚጨምሩ፣ ለዓይን ማሳከክ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መጠቀም ሊቀር ይገባል። የሞተውን ሕዋስ ማስነሣት ባይቻልም፣ የቀረውን መጠበቅ ግን በእጃችን ነው።