ሰው ሠራሽ አድማስ

በአነስተኛ አውሮፕላኖች አብራሪ ፊት ከተደረደሩት መለኪያዎች መካከል የላይኛው ግማሹ ሰማያዊ፣ የታችኛው ቡናማ የሆነው ክብ መሣሪያ ሰው ሠራሽ አድማስ ይባላል። ሰማያዊው ሰማይን፣ ቡናማው ምድርን፣ የሚለያቸው ነጭ መስመር አድማስን፣ ከፊቱ የተተከለችው ትንሽ ምስል ደግሞ አውሮፕላኑን ትወክላለች። በውስጡ ያለው ጃይሮስኮፕ፣ ማለትም እንደ ልጆች እሽክርክሪት በፍጥነት የሚዞር መንኮራኩር፣ የያዘውን አቅጣጫ ስለማይለቅ አውሮፕላኑ ቢያዘነብልም መስመሩ ከእውነተኛው አድማስ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀራል።

መሣሪያው የሚገባውን ክብር ያጣው አካል መዘንበሉን በራሱ ያውቃል በሚለው ሥር የሰደደ ስሕተት ምክንያት ነው። በመኪና ኩርባ ላይ ወደ ጎን የተገፋ ተሳፋሪ በአየር ላይም እንዲሁ የሚሆን ይመስለዋል፤ ነገር ግን በአግባቡ በሚዞር አውሮፕላን ውስጥ የመሬት ስበትና ከመዞሩ የሚመጣው ግፊት ተደምረው ቀጥታ ወደ ወለሉ ስለሚጫኑ፣ ክንፉ 30 ዲግሪ ቢያዘነብል እንኳ በብርጭቆ ያለ ውሃ ከብርጭቆው አፍ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል። አሜሪካዊው አብራሪ ቦብ ሁቨር አውሮፕላኑን በአየር ላይ ሙሉ በሙሉ እያገላበጠ ሻይ ወደ ብርጭቆ ይቀዳ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሻዩን ያታለለው ኃይል ጆሮንም ያታልላል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች የመዞርን መጀመርና ማቆም እንጂ መቀጠሉን አይነግሩም፤ መዞሩ በአንድ ፍጥነት 20 ሰከንድ ገደማ ከዘለቀ አንጎል ቀጥታ ጉዞ ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ አብራሪው ክንፉን ሲያስተካክል ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጎን የዞረ ስለሚመስለው ወደ ቀድሞው መዘንበል ይመለሳል፣ አፍንጫው ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ መሪውን ወደ ራሱ ሲስብም ጥምዙ ይጠብቃል እንጂ አውሮፕላኑ አይነሣም። አብራሪዎች ይህንን የመቃብር ጥምዝ ይሉታል።

ጁላይ 16 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ጁኒየር ባለቤቱንና እኅቷን አሳፍሮ፣ ፓይፐር ሳራቶጋ በተባለ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከምሽቱ 2፡38 ላይ ከኒው ጀርሲ ተነሣ። መብራት የሚታይበትን የባሕር ዳርቻ ተከትሎ ከበረረ በኋላ ወደ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ለመሻገር ጨለማውን ውሃ ሲይዝ ግን፣ በዚያ ምሽት የበረሩ ሌሎች አብራሪዎች እንደመሰከሩት፣ ጭጋጉ ሰማይና ባሕርን አንድ አድርጎት ነበር። አውሮፕላኑ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በደቂቃ ከ4,700 ጫማ በላይ በሆነ ፍጥነት ወርዶ 3፡41 ገደማ ባሕር ላይ ሲከሰከስ ሦስቱም ሞቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምክንያቱ የአቅጣጫ ስሜት መሳት መሆኑን ሲገልጽ የሞተር ብልሽት አላገኘም። አብራሪው 310 ሰዓት ገደማ የበረረ ቢሆንም በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለው ፈቃድ አልነበረውም፤ የዕይታ በረራ ደንቡ ግን በዚያ ምሽት አልከለከለውም፤ ደንብ ስለ ታይታ ርቀት እንጂ ስለ አድማስ መኖር እምብዛም አይጠይቅምና።

ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ አሜሪካዊው አብራሪ ጄምስ ዱሊትል በ1929 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ፣ መቀመጫው በሸራ ተሸፍኖ፣ በመሣሪያ ብቻ ተነሥቶ ዞሮ በማረፉ መሣሪያው ዋጋውን አሳይቶ ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሣሪያ መብረር ያልሠለጠኑ 20 አብራሪዎችን አድማስን እንዳያዩ ሲያደርጓቸው ሁሉም በአማካይ በ178 ሰከንድ ውስጥ መቆጣጠር ተሳናቸው።

ለግል አብራሪነት የአሜሪካ ሕግ ከሚጠይቃት የ3 ሰዓት የመሣሪያ ልምምድ በኋላ ሰው ሠራሽ አድማሱን ቀን ቀን እንደ ጌጥ የሚያልፉት አብራሪዎች ሊወቀሱ ይገባል። ከስሜት ሐሰት የሚድን የለምና፤ ልምድ ያለው አብራሪም በደመና ውስጥ አንገቱንና ትከሻውን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይቀመጣል፣ እጁ ግን ትንሿን አውሮፕላን ከነጩ መስመር ላይ አያወርዳትም።